እጅ ከማረፉ በፊት፦ የወገብ ሕመም፣ ወጌሻና ኤምአርአይ



በራያ ቆላ፣ በሮቢትና በቆቦ ዙሪያ፣ አንድ አባት ወገባቸውን ሲያማቸው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋውም አይከብድም፤ ብዙ ውልቃትና ወለምታም አስተካክሏል። በሌላ በኩል «ኤምአርአይ ተነሡ» ተብለው ከብት ሸጠው ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። ታዲያ ለእጅ ሕክምና የኤምአርአይ ምስል ምን ይጠቅመዋል? መቼስ ያስፈልጋል? በዚህ ጽሑፍ በአላህ ፈቃድ ይህንን እናያለን።

ቦዩ ሲጠብ

በአከርካሪያችን ውስጥ ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ አለ። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች ይሟሽሻሉ፣ ጅማቶች ይወፍራሉ፣ አጥንቱም በጠርዙ ያድጋል። ቦዩም ቀስ በቀስ ይጠባል። በወገብ አካባቢ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእርግጥ ጠቧል ይባላል።

ምልክቱን ከመስጊድ በቀላሉ መለየት እንችላለን። ተራዊሕ ላይ ቂያሙ ሲረዝም እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ሩኩዕ ሲያደርጉ ወይም ሲቀመጡ ግን ቀለል የሚላቸው አባት ካሉ፣ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ወገብ ወደ ፊት ሲታጠፍ ቦዩ ትንሽ ይሰፋል፤ ቀጥ ሲል ይጠባል። እኒሁ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው ዳገት ሲወጡ ደህና ሆነው፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ሊብስባቸው ይችላል። ለታመመ ሰው ቁጭ ብሎ መስገድ የተፈቀደ መሆኑንም እናስታውሳቸው፤ ብዙ አባቶች ዲኑ ያገራላቸውን በራሳቸው ላይ ያከብዳሉ።

ማሽኑ እንዴት ያያል?

ራጅ አጥንትን እንጂ ነርቭን አያሳይም። ኤምአርአይ ግን የሚሠራው በጨረር ሳይሆን በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ኒውክለስም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ማሽን ጉልበቱ 1.5 ቴስላ ነው፤ ይህም ከምድር ማግኔት በአስር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ማግኔት ውስጥ ወደ 64 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ ሞገድ ይላካል፤ ከኤፍኤም ራዲዮ ሞገድ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ሞገዱ ሲቋረጥ ኒውክለሶቹ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ምልክት ይሰጣሉ። ውሃ፣ ስብና ነርቭ የሚመለሱበት ፍጥነት ስለሚለያይ ኮምፒውተሩ ለይቶ ይስላቸዋል። በአንደኛው ዓይነት ምስል ላይ በነርቮቹ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቦዩ በጠበበበት ቦታ ነጩ መስመር ይቀጥናል ወይም ይቆረጣል።

እጅ የሚከለከልበት ቦታ

ካይሮፕራክቲክ የሚባለውን የአከርካሪ የእጅ ሕክምና ዲ.ዲ. ፓልመር በአሜሪካ አዮዋ የጀመረው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ሮንትገን በጀርመን ራጅን አገኘ። እጅና ምስል እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። በአገራችን ግን ካይሮፕራክተር በብዛት ስለሌለ የእኛ ሰው የሚያገኘው ወጌሻን ወይም ፊዚዮቴራፒስትን ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት የወገብ ቦያቸው የጠበበ 259 አረጋውያንን በሦስት ቡድን አነጻጽሯል። የእጅ ሕክምናን ከግል የአካል እንቅስቃሴ ጋር ያገኙት በሁለተኛው ወር የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል፤ በስድስተኛው ወር ግን በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም። የሁሉም መጥበብ አስቀድሞ በምስል የተረጋገጠ እንደነበርም ልብ እንበል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የምስሉ ትልቁ ጥቅም የት መጫን እንዳለብን ማሳየቱ ሳይሆን፣ መጫን የሌለብንን ጀርባ መለየቱ ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያልተፈላ ወተት በሚጠጣበት ቆላ ደግሞ ብሩሴሎሲስ አከርካሪን ሊይዝ ይችላል። ካንሰርና የአጥንት ስብራትም አሉ። ሁሉም የሚጀምሩት «ወገቤን» በሚል ቃል ነው። በበሽታ የተበላን አከርካሪ በኃይል መጫን ወይም መጠምዘዝ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በሸሪዓችን ያለ ዕውቀት ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም ዑለማዎች ያስተምራሉ።

ስለዚህ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት የማይለቅ ሕመም ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም ካለ፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍ ሐኪም ይይ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ በመቀመጫና በጭን መሃል ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ምስሉ ብቻውን አይፈርድም

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ደግሞ በሬ ለመሸጥ አንቸኩል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን 67 ሰዎች በኤምአርአይ አይቶ ነበር። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል የጠበበ ቦይ ተገኘበት፤ አንዳቸውም ግን አያማቸውም ነበር። ምስሉ ትርጉም የሚኖረው ከሕመምተኛው ቃልና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ሲገጥም ነው። ብዙዎች በአካል እንቅስቃሴና በማስታገሻ ይሻላቸዋል። ይህ ሳይረዳ ሲቀርና ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ኤምአርአዩ ተገቢ ይሆናል።

ወደ ማሽኑ ክፍል ሲገባ

ማግኔቱ ብረትን በኃይል ይስባል። የሒጃብ ስፒል፣ ጌጥ፣ ሰዓትና ስልክ ውጭ ይቀመጡ። ጦርነት ባለፈበት አካባቢያችን በሰውነታቸው ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረባቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን፣ እንዲሁም በልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ካለ፣ ሳይደብቁ ለባለሙያው አስቀድመው ይናገሩ።

እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ከቤተሰቡ «አንተ ተምረሃል፣ አንቺ ተምረሻል» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። ወጌሻውን ማዋረድ አይጠበቅብንም፤ ብዙዎቹ በአክብሮት ሲነገራቸው ይሰማሉ። «አባባ፣ ትኩሳት አለዎት? ሽንትዎስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አማና ነው። ፊልሙንና ውጤቱን አስቀምጡ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ያስፈልጋል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወገኖቻችን ሁሉ ዓፊያን ይስጥልን። አሚን።