የቻርሊ ቻፕሊን ሳቅ፤ ካርታው በማን ስም ነው?

ሰሞኑን መሪ አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ቻርሊ ቻፕሊን ብቅ አለ። አንድ ሕፃን የሰው መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ይሮጣል። ቻፕሊን መስታወት በጀርባው አዝሎ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ለጥገና ይደርሳል። ድምፅ የለውም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ተሞላ። አጠገቤ የነበሩት የቤትና የቦታ ደላላ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ሙያ ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ «ለመሆኑ የዚህ ፊልም ካርታው በማን ስም ነው?» አሉ።

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዚህን እንግሊዛዊ ኮሜዲያን የፊልም ሕይወት ከዚህ ጥያቄ በተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ቻፕሊን ከ1918 ጀምሮ የሠራቸው ፊልሞች መብት ዛሬም ከቤተሰቡ ድርጅት ዘንድ ነው። ከዚያ በፊት የሠራቸው ግን የአሠሪ ኩባንያዎች ንብረት ስለነበሩ ቤተሰቡ ካርታ የለውም። (በዚህ ጽሑፍ የውጭዎቹ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻፕሊን በ1889 ለንደን ተወለደ። ወላጆቹ የመድረክ ዘፋኞች ቢሆኑም ከልጅነቱ ከፊሉ በድሆች መጠለያ ያለፈ ነው። ፍሬድ ካርኖ በተባለ የቲያትር ነጋዴ ቡድን ታቅፎ በ1910 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያው መርከብ የእሱ ተጠባባቂ ተዋናይ ሆኖ የተሳፈረ ሌላ እንግሊዛዊ ወጣት ነበር፤ ኋላ «ሎሬልና ሃርዲ» በሚል ጥምረት የታወቀው ስታን ሎሬል። እሱን ለጊዜው እናቆየው።

በ1913 ማብቂያ ኪስቶን የተባለ የፊልም ኩባንያ ቻፕሊንን በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በ1914 ብቻ 36 ፊልሞች ሠራ። ውሉ ሲያልቅ በሳምንት 1 ሺህ ዶላር ቢጠይቅ፣ የኩባንያው አለቃ ማክ ሴኔት ይኼ ከእኔም ገቢ ይበልጣል ብሎ እምቢ አለ። ኤሳኔይ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ሳምንታዊ 1,250 ዶላርና 10 ሺህ ዶላር የፊርማ ጉርሻ ከፍሎ ወሰደው። በ1916 ደግሞ ሚውችዋል ኩባንያ በሳምንት 10 ሺህ፣ በፊርማ 150 ሺህ፣ በጠቅላላው ለዓመት 670 ሺህ ዶላር ተስማማለት። ሳምንታዊ ዋጋው ከሁለት ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ከ60 እጥፍ በላይ መናሩ ነው። ሰውየው ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ዋጋው እንዲህ የናረው ኩባንያዎቹ ቸር ስለነበሩ አልነበረም። የመድረክ ኮሜዲያን የሚሸጠው ያንኑ ምሽት ነው፤ አዳራሹ ሲሞላ ገበያው ያበቃል። ፊልም ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ ተጨማሪው ቅጂ የሚጠይቀው ወጪ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ያው ሳቅ በአንድ ምሽት በሺህ ከተሞች ይቸረቸራል። ቻፕሊን ይህን ስሌት ከአሠሪዎቹ እኩል ያወቀው ዘግየት ብሎ ነው፤ ካወቀው በኋላ ግን ለቀቅ አላደረገውም።

መታጠፊያው በ1917 የተፈረመው ውል ነው። በሲኒማ ቤት ባለቤቶች የተቋቋመው ፈርስት ናሽናል ለስምንት ፊልሞች 1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ጋዜጦች ሚሊዮኑን አራገቡት። ለነጋዴ ግን ዋናው ቁም ነገር ከቁጥሩ ሥር ያለው ነበር፤ ወጪውን ቻፕሊን ራሱ ይሸፍናል፣ አዘጋጁ ራሱ ነው፣ ኩባንያው ፊልሞቹን ከተወሰነ ጊዜ በላይ አይዛቸውም። በ1918 መጀመሪያ በሆሊውድ የገዛ ስቱዲዮውን ከፈተ። ተከራይ የነበረው ባለይዞታ ሆነ።

ይዞታ ግን ያለ ሙግት አይጸናም። ያ መስኮት ሰባሪ ሕፃን ያለበት «ዘ ኪድ» የተባለው ፊልም ስድስት ጥቅል ነበር፤ ኩባንያው እንደ ሦስት አጫጭር ፊልሞች ቆጥሮ ሊከፍል ፈለገ። በዚያው ጊዜ ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር የፍቺ ክርክር ስለነበረበት ፊልሙ በፍርድ ቤት ሊታገድ ይችላል ተባለ። በ1920 ቻፕሊን ጥሬውን ፊልም በቡና ጣሳ አሽጎ ወደ ሌላ ግዛት፣ ወደ ሶልት ሌክ ከተማ አሸሸና ቅንብሩን በሆቴል ክፍል ሠራ። ፊልሙ በ1921 ወጥቶ ገበያውን አናወጠው። ለደላላው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ በአሜሪካ የጥበቃ ዘመኑ አልፏል፣ በአውሮፓ ግን ቻፕሊን ከሞተበት ከ1977 በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆጠር እስከ 2047 ይቆያል።

በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስን አቋቁሞ አከፋፋይነቱንም ያዘ። በ1931 ፊልም ሁሉ ሲናገር እሱ ድምፅ አልባውን «ሲቲ ላይትስ» በገዛ ገንዘቡ ሠራ። የኒውዮርክ ገበያ ሲያመነታ ቲያትር ቤት ራሱ ተከራይቶ አሳየና አተረፈ። በ1940 ሂትለርንና ሙሶሊኒን ያላገጠበትን «ዘ ግሬት ዲክታተር» ያወጣውም ማንም አለቃ ሊከለክለው ስለማይችል ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና በሙሶሊኒ እጅ ነበረች። አሜሪካ በ1952 የመመለሻ ፈቃዱን ስትሰርዝበት ሚስቱ ኡና ተመልሳ ንብረቱን አወጣች። በ1955 በዩናይትድ አርቲስትስ የቀረውን ድርሻ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። ከሞተም በኋላ፣ በ1981፣ አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለማስተዋወቅ ያንኑ ባርኔጣና ከዘራ ፈቃድ ከፍሎ ተጠቀመ።

አሁን ወደ ሎሬል። ተሰጥኦው ከቻፕሊን ያንሳል የሚል ጥቂት ነው። አሠሪው ሃል ሮች ግን የሎሬልንና የሃርዲን ውል ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን እንዲያበቃ አድርጎ ያስፈርም ነበር፤ አንዱ ሲደራደር ሌላው ታስሮ ይቆያል። ዘዴው ተንኮል ነው፣ ነገር ግን ሕጋዊ ተንኮል ነው። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ፊልሞቹ ግን የእነሱ አልነበሩም። በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ሌት ተቀን ሲያሳያቸው ሎሬል ሳንቲም አላገኘም። በ1965 ሲሞት የሚኖረው በሳንታ ሞኒካ አነስተኛ አፓርታማ ውስጥ ነበር።

ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹ የካሴት ዘመን አርቲስቱ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በቁርጥ ዋጋ ሸጦ መሄዱ የተለመደ ነበር፤ ካሴቱ አሥር ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ድርሻው ያው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ድንጋጌ ቢኖረውም ገበያው ብዙም አልሰማውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ መብቱ ሲተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ዛሬ በኮሜዲ ፊልምና በዩቲዩብ ላይ ገንዘብ የሚያፈሱ ባለሀብቶች ስለ ደመወዝና ስለ ካሜራ ኪራይ ሲከራከሩ አያለሁ። የመብቱ አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እዚያ ሲደረስ ደግሞ ሁሉም ደክሟል።

ደላላው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ያልተዋጠላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በቡና ጣሳ?»