ስለ ሳነቴ መንገድና በሞተር ብስክሌት ስለሚሻገሩት ሰዎች

አባቶቻችን ከአገር ወደ አገር ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ፥ በቅሎአቸውን አስቀድመው በገብስ ያጠነክሩ ነበር፤ ኮርቻውንና እርካቡን ይመረምራሉ፤ የት ውለው የት እንደሚያድሩ ይመክራሉ፤ ወንዙ የሚሞላበትን ወራት አገሬውን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ተሳልመውና ተመርቀው ይነሣሉ። በቅሎ በደከመች ጊዜ ቆማ፥ ገደልም ባየች ጊዜ አሻፈረኝ ብላ ጌታዋን የምታስጠነቅቅ እንስሳ ናት። ለእርስዋ ይህን ያህል ከተሰናዱላት፥ ድካምንም ገደልንም ለማያውቀው ለሞተር ብስክሌት ምን ያህል መሰናዳት ይገባ ነበር! ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሞተር ብስክሌት በአንድ ርግጫ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ጕዞውም በአንድ ርግጫ የሚታሰብ ሆነ።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የባሌ ደጋ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፥ በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚጓዝ ሰው፥ ዲንሾን አልፎ ሮቤ ይደርሳል፤ ጎባም ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እስከዚህ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነውና ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም። ከጎባ በላይ ግን ሌላ ዓለም ይጀመራል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከእርስዋ ተነሥቶ በአስታው ጫካ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣው የጠጠር መንገድ 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ ያደርሳል። በአምባው ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። መንገዱ አምባውን ከተሻገረ በኋላ በደቡብ ጫፍ በኩል በድንገት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል፤ የሪራን መንደር ያልፋል፤ በመጨረሻም ቆላ ወደ ሆነው ወደ ደሎ መና ይገባል። ከጎባ እስከ ደሎ መና ያለው ርቀት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቍልቍለቱ ግን ከ2500 ሜትር አያንስም። ጧት ውርጭ የቈረጠመው ሰው ማታ ቡና በሚበቅልበት አገር ሸሚዙን ያወልቃል ማለት ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ የዚህ አገር ስም በሩቅ ተሰምቷል። ለማየት ብለው በሞተር የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ መልካም ነው፥ አገርን ማየት ዕውቀት ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ ሞተር የሚነዳው እንግዳ ብቻ አይደለም። ክትባት ይዞ የሚወርደው የጤና ሠራተኛ፥ የግብርና ባለሙያው፥ መምህሩ፥ ቀብር ሊያደርስ የተጠራው ካህን ሁሉ በዚያው ያልፋል። እንግዳው ዝናብ ቢያይ ጕዞውን ወደ ነገ ያስተላልፋል፤ የሥራ ሰው ግን «ሂድ» ተብሏልና ይሄዳል። ስለዚህ ንግግራችን ይልቁንም ለሚልኩት ሰዎች ነው።

ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ገደሉን ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ በዓይኑ ስለሚያየው፥ ማንም ሳይነግረው ይጠነቀቃል። ሳነቴ ግን አታላይ ነው። አምባው ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ፥ ጅብራ የቆመበት፥ ኩሬ የሚያበራበት፥ ሰማዩ የቀረበበት ነው። ሞተረኛው መንገዱ ገር ሲሆንለት ፍጥነት ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኑ ይለምደውና 60 ኪሎ ሜትር እንደ 30 ይመስለዋል። በዚህ በለመደው ፍጥነት ሳለ ምድሩ ከፊቱ ያልቃል፤ ጠመዝማዛውም ይቀበለዋል። ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን የሒሳብ መምህራን ያስተምራሉ፤ በጠጠር ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

እኔ ጸሐፊው ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለሥራ ወደ ደሎ መና መውረድ አስፈልጎኝ፥ መኪና ስለ ታጣ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሞተሩ ከኋላው አፈናጠጠኝ። ከጎባ በ2 ሰዓት ለመነሣት ተቀጣጥረን ነበር። ነገር ግን ልጁ ይዞት የሚሄደው አንድ ደብዳቤ ማኅተም ስለ ቀረው፥ ማኅተሙንም የያዘው ሰው ስላልነበረ፥ እስከ 7 ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ ቆየን። «ልጄ፥ እንግዲህ እንደር» አልሁት። እርሱም «ጋሼ፥ ዛሬውኑ ደርሰህ ነገ ጧት ሪፖርት አድርግ ተብያለሁ» አለኝ። እኔም በዕድሜ ታላቅ ሆኜ ሳለሁ ዝም አልሁ፤ ይህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ድረስ ይቈጨኛል።

አምባው ላይ ነፋሱ ከፊት ይመታን ነበር። የአምባው ጫፍ ስንደርስ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ከሐረና በኩል ደመናው እንደ ማጠንት ጢስ እየተነሣ መንገዱን ሸፍኖታል። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ወደቅን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የወደቅነው በተራራው በኩል ባለው ቦይ ውስጥ እንጂ በገደሉ በኩል አልነበረም። የልጁ የትከሻ አጥንት ተሰበረ፤ እኔ ከጕልበቴ መላጥ በቀር ደኅና ነበርሁ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከታች እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ በብርድ ቆየን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ጎባ ሆስፒታል ገባን። በመንገድ ሳለን ልጁ የነገረኝን አልረሳውም፤ «ጋሼ፥ ፍሬኑን ልይዝ አስቤ ነበር፤ ጣቶቼ ግን የእኔ አልነበሩም» አለኝ። ያ ደብዳቤ በነጋታው ሲከፈት፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚደረግ ስብሰባ የጥሪ ወረቀት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ መሰናዶው ምንድን ነው ቢሉ፥ መጀመሪያው ሰዓት ነው። በበጋው ወራት፥ ይኸውም ከኅዳር እስከ የካቲት፥ መንገዱ ይደርቃል፤ ሌሊቱ ግን እጅግ ይከፋል፤ በሳነቴ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ ተመዝግቧል። ስለዚህ ገና በጨለማ መነሣት ብልኅነት አይደለም፤ ፀሐይ ውርጩን እስክታቀልጠው መጠበቅ ይገባል። ከጧቱ 2 ሰዓት ከጎባ የተነሣ ሰው ሳይቸኩል 6 ሰዓት ላይ ሪራ ሊደርስ ይችላል። ከቀትር በኋላ ከሐረና የሚወጣው ደመና ጫፉን ይይዘዋል። ስለዚህ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ከጎባ ያልተነሣ ሰው፥ የፈለገው ነገር ቢኖር፥ እዚያው ይደር። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው በዝናቡ ወራት ደግሞ የሚቻለው ሁሉ ጕዞውን ቢያዘገይ ይሻላል፤ የማይቻለው ሰው የትናንቱን ዝናብ ከላይ የመጣ ሾፌር ሳይጠይቅ አይነሣ።

ሁለተኛው ብርድ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ሳለ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚነዳ ሰው አካሉ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ነው። የልጁን ጣቶች የወሰደበት ይህ ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት፥ ደረትን ከነፋስ የሚከልል ካፖርት፥ ሁለት ድርብ ካልሲ ያስፈልጋል፤ በየግማሽ ሰዓቱም ቆሞ እጅን በብብት ማሞቅ ነውር አይደለም። በዚህ ላይ ጾመኛ የሆነ ሰው ባዶ ሆዱን በዚያ ከፍታ ቢውል አሳቡም እጁም ይፈዝበታል። ሕጉን ማፍረስ አይመከርም፤ ነገር ግን ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን፥ እስላሙም የሃይማኖቱን ዐዋቂ አስቀድሞ ቢጠይቅ ለመንገደኛ የሚሆን ምክር አያጣም።

ስለ ሞተሩም ጥቂት እንበል። በ4000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያስለዋል፤ ጕልበቱም ይጎድላል። ይህን የማያውቅ ሰው ተበላሸ ብሎ በብርዱ መካከል ካንዴላውን መፍታት ይጀምራል። ሞተሩ አልታመመም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በቀስታ መውጣት ነው። ለሰውም እንደዚሁ ነው፤ ይልቁንም ከደሎ መና ቆላ ተነሥቶ በዚያው ቀን ወደ አምባው የሚወጣ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል፤ ሕመሙ ወደ ማስታወክና ወደ መንገዳገድ ከደረሰ መድኃኒቱ ወደ ዝቅታ መውረድ ነው። አምባው ላይ ነዳጅ ቤት ስለሌለ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሞልቶ መነሣት፥ የጎማውን ነፋስ፥ የካቴናውን ውጥረትና የፍሬኑን ሽቦ ማታውን ማየት ያስፈልጋል። ጧት የሚታይ ነገር በጥድፊያ የሚታይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተሩን አጥፍተው ወይም ማርሽ ነቅለው ቍልቍለት የሚለቁት ናቸው። የሚቆጥቡት ቤንዚን የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ እንኳ አያህልም። ያን ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፤ በጋለም ጊዜ አይይዝም። የቀደሙት ሾፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቍልቍለቱን ውረድ ይሉ ነበር፤ ደግ ብለዋል። ፍጥነቱን መታጠፊያው ሳይደርስ መቀነስ፥ በመታጠፊያው ውስጥ ሳሉ የፊቱን ፍሬን አለመጨበጥ፥ የራስን ቀኝ አለመልቀቅ፥ በማይታየው ኵርባም ጡሩምባ ማሰማት ይገባል። በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ ከላ ፓስ በላይ ከ4600 ሜትር ተነሥቶ ወደ ዩንጋስ ቆላ የሚወርድ አሮጌ መንገድ አለ፤ ስላለቀበት ሰው ብዛት የሞት መንገድ ተብሏል። በዚያ የሚወርደው ለሚወጣው ቆሞ እንዲያሳልፍ ደንብ ወጥቶለታል። የእኛም ሞተረኛ በሐረና ቍልቍለት ይህን ደንብ በራሱ ላይ ቢያወጣ ማን ይከለክለዋል?

በተለምዶ ሄልሜት ስለምንለው የራስ ቁር ለካህናት አንባቢዎቻችን ብዙ መናገር አያስፈልግም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ድኅነትን በራስ ቁር መስሎ ሲጽፍ፥ ወታደር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባውን የአካል ክፍል ያውቅ ነበር። በዘመናችን ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሐኪሞች የራስ ቁር የደፋ ሞተረኛ የሞት አደጋው 42 በመቶ፥ የራስ ጕዳቱም 69 በመቶ እንደሚቀንስለት ጽፈዋል። ደንቡም ያዝዛል። ነገር ግን በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ፥ የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ የሚደፋ የራስ ቁር ለክንድ እንጂ ለራስ አይጠቅምም፤ የአገጩ ማሰሪያ ያልታሰረም ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። ካህናት ከኋላ ተፈናጥጠው ሲሄዱ ጥምጥማቸውን ላለመፍታት የራስ ቁሩን ሲተዉ አይተናል። ጥምጥሙ ተፈቶ በቦርሳ ቢቀመጥ ክብሩ አይጓደልም፤ ሲደርሱ ይጠመጠማል። የነጠላና የጋቢ ጫፍ በካቴናና በኋላ ጎማ እንደሚጠመጠም ደግሞ አይዘንጋ፤ ከወገብ በላይ አጥብቆ መታጠቅ፥ ቀሚሱንም ሰብስቦ መቀመጥ ነው። ለቅሶ ለመድረስ በጥድፊያ የወጡ ሰዎች ሌላ ለቅሶ ይዘው ሲመለሱ በየሰበካው የታወቀ ነውና፥ ከዐውደ ምሕረት ላይ አንድ ቃል ቢነገር ብዙ ይረዳል።

በአምባው ላይ ቀስ የሚባልበት ሌላም ምክንያት አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የሚኖሩት በባሌ ነው። ፍልፈል ሲያድኑ መንገዱን ይሻገራሉ፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱም አሉ። በዲንሾ አጠገብ በጋይሳይ ሜዳ ደጋ አጋዘን እንዲሁ ያቋርጣል። ደጋ አጋዘን የገጨ ሞተረኛ ከአጋዘኑ ይልቅ እርሱ እንደሚጎዳ ልብ ይበል።

አሁን ወደ ላኪዎቹ እንመለስ። የጕዞ ትእዛዝ ወረቀት የሚሄደውን ሰው ስም፥ የሚሄድበትን ቦታና የሚከፈለውን አበል ይጽፋል፤ የሚነሣበትን ሰዓት ግን አይጽፍም። ሳነቴን ለሚሻገር ሠራተኛ ሰዓቱ ቢጻፍለት፥ ለነጂውና ለተፈናጣጩ ሁለት የራስ ቁር መያዙ ቢረጋገጥ፥ ሪራ ሲደርስ ስልክ እንዲደውል ቢታዘዝ፥ ጎባ ላይ ቢያድርም የአዳሩ አበል ሳይጠየቅ እንደሚከፈለው አስቀድሞ ቢነገረው፥ ይህ ሁሉ የአንድ ገጽ ወረቀት ሥራ ነው። ሠራተኛው በጨለማ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ደፋር ስለ ሆነ ሳይሆን የአዳሩን ገንዘብ ከኪሱ ስለሚከፍል፥ ወይም አለቃው እንዳይቆጣው ስለሚፈራ ነው። የአንድ ሌሊት አበልና የአንድ የተሰበረ ትከሻ ሕክምና በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፉ፥ ገንዘብ ያዡ ራሱ ይፈርድ ነበር።

ያ ወጣት ትከሻው ድኖ ዛሬ በሌላ ወረዳ የቡድን መሪ ሆኗል። የሥሩ ሠራተኞች እንደሚያጫውቱት ከሆነ፥ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የሚቀርብለትን የሳነቴ ጕዞ ወረቀት አይፈርምም፤ መሳቢያው ውስጥ ያሳድረዋል። አስቸኳይ ነው ብሎ የሚቆጣው ሰው ሲመጣ ወንበር ስቦ ያስቀምጠውና፥ ቡና አዝዞለት፥ በ2 ሰዓት እንደሚፈርምለት ይነግረዋል።