የስልክ ገበያና የሰከነ አሠራር በመርካቶ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተረጋገጠ ወዲህ፣ የመርካቶ ንግድ ከፊሉ ከመደብር ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጠባብ መተላለፊያዎች አካላዊ ርቀትን መጠበቅ እጅግ አዳጋች ነው። በመሆኑም የዕቃን ናሙና በቴሌግራም ማሳየት፣ በዋጋ በስልክ መስማማትና ክፍያን በባንክ መቀበል ከመጨናነቅ የሚጠብቅ ጠቃሚ አማራጭ ነው። ይሁንና ግፊያው ከመተላለፊያው ወጥቶ ወደ ስልኩ መግባቱን ልብ ማለት ይገባል።

በሸማ ተራም ሆነ በቦምብ ተራ፣ በመደብሩ ያለ ነጋዴ ደንበኞቹን የሚያስተናግደው በተራ ነው። የቆመው ገዢ ሌላው እየተስተናገደ መሆኑን በዓይኑ ስለሚያይ ይታገሣል። በስልክ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ወረፋውን አያይም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሰው ቢጽፍ እያንዳንዱ ብቻውን የጠየቀ ይመስለዋል። መልሱ ጥቂት ሲዘገይበት ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል።

ሰውነት ይህን ጥድፊያ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ይመነጫሉ፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሁኔታው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። በየቀኑ ሲደጋገም ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ምታት ያስከትላል፣ የደም ግፊት ሕመምን መቆጣጠርም ያዳግታል።

በወረርሽኙ ወቅት በሽታውን በመከላከል ረገድም ጉዳት ነበረው። የተጣደፈ ሰው ዕቃ ለማስረከብ ጭምብል ሳያደርግ ይወጣ ነበር፤ እጁን መታጠብም ይዘነጋ ነበር። ከሁሉም የከፋው፣ ትኩሳትና ሳል ይዞት ሳለ ደንበኛ እንዳይቀርበት ሲል ሕመሙን ደብቆ ወደ መደብሩ መሄዱ ነበር።

መፍትሔው የማይታየውን ወረፋ እንዲታይ ከማድረግ ይጀምራል። በቴሌግራም ገጹ አናት ላይ መልስ የሚሰጥበትን ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ብሎ መጻፍና ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንደሚመለሱ ማሳወቅ ይቻላል። ደንበኛን የሚያስቆጣው ብዙውን ጊዜ መዘግየቱ ሳይሆን መልሱ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። ዋጋ፣ መጠንና ቀለም በአንድ መልእክት አስቀድመው ከተገለጹ ተደጋጋሚ ጥያቄ ይቀንሳል። በመደብሩ ሁለት ሠራተኞች ካሉ አንዱ ስልኩን፣ ሌላው ዕቃውን ቢይዝ ስሕተት ያንሳል። ብቻውን ለሚሠራ ቸርቻሪ፣ በተለይም በበዓል ዋዜማ፣ ይህን ሁሉ መፈጸም ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ የመልእክት ድምፁን ዘግቶ በየግማሽ ሰዓቱ መመልከት ግን አይሳነውም።

ክፍያ ሲመጣ መረጋጋት የበለጠ ያስፈልጋል። አታላዮች ሐሰተኛ የባንክ መልእክት ልከው «መኪናው ቆሟል፣ ቶሎ ልቀቁልን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን በራስ ሒሳብ ሳያረጋግጡ ዕቃ መልቀቅ አይገባም፤ ችኮላው በበረታ መጠን ጥርጣሬውም ሊበረታ ይገባል።

በሥራ መካከል ስልኩን አስቀምጦ ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ መተንፈስ የልብ ምትን ያረጋጋል። በየሃያ ደቂቃው ራቅ ያለ ነገር መመልከት ዓይንን ያሳርፋል። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልግ ስልኩን ከመኝታ ራስጌ ማራቅ ይመከራል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልም በዚያው በአዲስ ከተማ ይገኛል። በወረርሽኙ ወቅት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የታየበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በ8335 ወይም በ952 ነፃ የስልክ መስመር እንዲደውል ይመከር ነበር። የመደብሩን ስልክ የሚረከበው ባልደረባም ከመጠቀሙ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይወልውለው።