ለጫጉላ የሚዋጣ ገንዘብ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰርጋቸውን ከማሰናዳላቸው የሀበሻ ልጆች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ የስጦታውን ነገር ጨርሰውት ነው። «ዕቃ አንፈልግም፤ ሰው ለጫጉላ ሽርሽራችን ያዋጣልን» ይሉና ስልካቸው ላይ የጀመሩትን ገጽ ያሳዩኛል። ዛንዚባር ባሕር ዳር የሁለት ሰው እራት፣ 120 ዶላር። አርባ ምንጭ ወርዶ ጫሞ ላይ አዞ ለማየት የጀልባ፣ 60 ዶላር። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር አንድ ሌሊት፣ 150። እናትየዋ ግን ወሬውን ብዙ ጊዜ የምትሰማው እኔ ፊት ነው። «እንዴ! ልጄ ልትዝናና ስትሄድ ሰው ክፈሉላት ብዬ ልለምን?»

በልጆቹ ለመፍረድ ይከብዳል። የቺካጎው ትልቅ መደብር ማርሻል ፊልድስ ሙሽሮች የሚፈልጉትን ሰሃንና ብርጭቆ መርጠው እንዲያስመዘግቡ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ያኔ ማግባት ማለት ባዶ ቤት መግባት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 እንኳ አሜሪካዊቷ ሴት በአማካይ በ20 ዓመቷ፣ ወንዱ ደግሞ 23 ሳይሞላው ያገባ ነበር። ዛሬ ሴቷ 28፣ ወንዱ 30 አልፎታል። የእኛዎቹም ከዚህ አይለዩም። ሁለቱ ሲጋቡ ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ማይክሮዌቭና እናቶቻቸው በየፊናቸው የገዙላቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ አፓርታማ ውስጥ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ገና በሳጥኑ ያለ አምስተኛ የስኒ ስብስብ ሲጨመር የት ይቀመጣል? እንዲህ ላሉ ጥንዶች የሚሆነውን፣ ሃኒፈንድ የተባለውን የጫጉላ መዋጮ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያቋቋሙትም ራሳቸው ባልና ሚስት ናቸው።

አሠራሩን ግን ሰው በደንብ የተረዳው አይመስለኝም። በአብዛኞቹ ገጾች ላይ «ጀልባ» ብሎ የከፈለ ሰው ጀልባ አልገዛም፤ ገንዘቡ ለሙሽሮቹ ይደርሳል፣ ቦታ የሚይዙትም ራሳቸው ናቸው። በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ደግሞ ከመቶው ሁለት ሦስት ዶላር ለካርዱ ይቆረጣል። አንዲት አክስት ከሰርጉ በኋላ ደውላ «የኔ ጀልባ እንዴት ነበር? አዞው ቀረባችሁ ወይ?» ብላ ሙሽራዋን አፋጥጣታለች። ልጆቹ አርባ ምንጭን ሰርዘው ዛንዚባር ላይ ጥቂት ቀን ጨምረው ነበር። ስለዚህ እንደምትሄዱ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቦታ አትጻፉ እላቸዋለሁ፤ ያልቆረጠላችሁ ከሆነ «ለጉዟችን» ብላችሁ በደፈናው ተውት።

ለእኔ ዋናው ጉዳይ ግን ልመናም ኮሚሽንም አይደለም። ከመልሱ ማግስት የሙሽራዋ ወላጆች ቤት ምን እንደሚደረግ ያየ ይገባዋል። እንግዶች የገንዘብ ፖስታ የከተቱበት ሳጥን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ይገለበጣል። አጎት ፖስታውን ቀድዶ ስሙን ያነባል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ ደብተር ላይ ትጽፋለች፦ «የነጋሼ ቤት፣ 200»። አንዳንዱ ስም ላይ ብዕሩ ይቆማል። «እኛ ለልጃቸው 150 ነበር የሰጠናቸው» ትላለች፤ ቀጥሎ ባለው ሰርግ እሷ ስንት እንደምትጨምር እዚያው ተወሰነ ማለት ነው። እናትየዋ ለሃያ ምናምን ዓመት በየሰው ሰርግ ፖስታ ይዛ ስትሄድ የኖረችው ዛሬን አስባ ነው። ብድር ነው። ከሙሽሮቹ ጓደኞች የሚመጣው ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ከወላጆች እንግዶች የሚመጣው ግን ተመላሽ ነው፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ገንዘቡ በድረ ገጹ ሲገባ ኢሜይሉ የሚደርሰው ለሙሽራዋ ነው። እናትየዋ ማን ስንት እንደሰጠ አታውቅም። በቀጣዩ ክረምት የነጋሼ ልጅ ሲያገባ ፖስታው ውስጥ ምን ትክተት? ጉዳዩን በዚህ በኩል ሳስረዳቸው ነው ልጆቹ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መስማት የሚጀምሩት።

የማደርገው ይህን ነው። ሊንኩ ለጓደኛና ለሥራ ባልደረባ ይላካል፤ ወላጆች ለጠሩት ሰው ግን ከነጭራሹ አይነሳም፣ የፖስታው ሳጥን በር ላይ እንደ ወትሮው ይቆምለታል። የጥሪ ካርዱ ላይም አይታተምም። እዚህ ላይ እናቶቹን የሚያስደስታቸው ነገር አለ፤ የአሜሪካኖቹ የሥነ ምግባር መመሪያ፣ ኤሚሊ ፖስትም ጭምር፣ የስጦታ ዝርዝርን ጥሪው ላይ ማተም ነውር ነው ይላል። ከሀገር ቤት የሚመጡ ዘመዶችን ጨርሶ አልነካም። የብር ካርዳቸው በአብዛኛው እነዚህ ገጾች ላይ አይሠራም፣ ደግሞስ ሻንጣቸው ውስጥ ጥበቡንና ጋቢውን ይዘው መጥተው የለም እንዴ?

ሰርጉ ሲያልፍ ከድረ ገጹ ስምና የገንዘብ መጠን ያለበትን ዝርዝር አውርዳችሁ፣ በወረቀት አትማችሁ ለሁለቱም እናቶች ስጡ እላለሁ። አንዳንዷ ሙሽራ እዚህ ላይ ታኮርፋለች፤ «የግላችን ነው፤ እማዬ ምን አገባት?» ትላለች። በዚህ ከእናትየዋ ጋር ነኝ። የሙሽሮቹን ጓደኞች እንኳ ግማሾቹን ያሳደጓቸው እነዚያው የድሮ እንግዶቿ ናቸው፤ ልጃቸው በሊንኩ የላከው 100 ዶላር ለእሷ ከነሱ ቤት የወጣ ነው። ምስጋናውንም ሙሽሮቹ በጽሑፍ ከላኩ በኋላ እሷ በስልክ ትደግመዋለች።

ብቻ እንዳይዘገይ። ሰርጉ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ከሆነ ዝርዝሩ ፍልሰታ ሳይፈታ እናትየዋ እጅ መግባት አለበት። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ቅዳሜው ሁሉ ሰርግ ነው፣ ለእያንዳንዱም ፖስታ ይታሸጋል።