«ቀኔ አልፏል፤ ምጡ እንዲመጣ ምን ላድርግ?»



ዘጠነኛው ወር ገብቶ ሆድ ሲከብድ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ጎረቤቱም «እስካሁን አልወለድሽም እንዴ?» እያለ ሲጠይቅ ብዙ እህቶቻችን ምጡን ለማምጣት ይቸኩላሉ። አንዷ ተልባ ጠጪ ትላለች፣ ሌላዋ የጉሎ ዘይት ትመክራለች፣ ሌላዋ ሆድ የሚያሽ ሰው ትጠቁማለች። ከነዚህ የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን ለይተን እንይ።

መጀመሪያ ቆጠራው ይጣራ

እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲሆን 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ይወስዳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ 9 ወር ከ10 ቀን ነው። መሐል ላይ ጳጉሜ ካለፈች ደግሞ 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ከ4 ቀን። ለምሳሌ የወር አበባዋን መስከረም 1 ያየች እናት የመውለጃ ቀኗ ሰኔ 11 ገደማ ነው። ጥር 10 ያየችው ደግሞ ጥቅምት 15 ገደማ ትወልዳለች።

በሂጅራ ወራት የሚቆጥሩ እህቶች እዚህ ላይ በጣም ሊጠነቀቁ ይገባል። 9 የጨረቃ ወር 266 ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «በረመዷን መግቢያ አይቼ ነበር፤ ጁማደል አኺራ ገባ፣ ቀኔ አለፈ» የምትል እህት በእርግጥ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀራታል። በዚህ ስህተት ምጥ ለማምጣት መሞከር ሕፃኑን ያለጊዜው ለማስወለድ መሞከር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ካለ ቆጠራውን ከሱ ጋር ማመሳከር ይጠቅማል።

የመውለጃ ቀን ግምት መሆኑንም አንርሳ። በዚያችው ቀን የሚወለዱት ጥቂቶች ናቸው። ከ37ኛው ሳምንት እስከ 42ኛው መወለድ የተለመደ ነው፤ ከ39ኛው ሳምንት በፊት ግን ያለ ሕክምና ምክንያት መቸኮል አይመከርም። የሕፃኑ ሳንባና አንጎል በነዚያ ሳምንታትም እያደገ ነው።

ቴምር

የመርየም (ዐ.ሰ.) ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ምጥ ወደ ዘምባባው ግንድ ባስጠጋት ጊዜ ቴምሩን እንድትበላና እንድትጠጣ ተነገራት። በ2011 እ.ኤ.አ. ከዮርዳኖስ የወጣ አንድ ጥናት ከመውለጃ ቀናቸው በፊት ባሉት 4 ሳምንታት በየቀኑ 6 ፍሬ ቴምር የበሉ 69 እናቶችን ካልበሉ 45 እናቶች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ምጡ በራሱ የጀመረላቸው ከበሉት 96 ከመቶ፣ ካልበሉት ደግሞ 79 ከመቶ ነበሩ። የበሉት ሆስፒታል ሲደርሱም የማህፀን በራቸው የበለጠ ተከፍቶ ተገኝቷል።

ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ቴምርም ማታ ተበልቶ ጠዋት ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት አይደለም፤ ጥቅሙ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ በመመገብ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ።

እንቅስቃሴ፣ ግንኙነትና የአዋላጅ እርዳታ

በእግር መሄድ ሰውነትን ያበረታል። ምጥ እንደሚያስጀምር ግን በእርግጠኝነት አልታወቀም። የባልና ሚስት ግንኙነትም እንዲሁ ነው። በጤናማ እርግዝና አይጎዳም፤ ደም ከታየ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ነው ከተባለ ግን መቆጠብ ግድ ነው። የጡት ጫፍን ማነቃቃት ምጥ የሚያመጣውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ስለዚህ አዋላጅን ሳያማክሩ አይሞከርም፤ የደም ግፊት ያለባት ወይም ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው።

በጤና ተቋም አዋላጇ በምርመራ ጊዜ የሽርት ውሃውን ከረጢት ከማህፀን በር አካባቢ በጣቷ ቀስ ብላ የምታላቅቅበት ዘዴም አለ። መድኃኒት የለውም፣ ትንሽ ያማል፤ ምጥ ቶሎ እንዲጀምር ግን ይረዳል። ቀኑ ሲደርስ ስለዚህ መጠየቅ ይቻላል።

የሚጎዱ ነገሮች

የጉሎ ዘይት ተቅማጥና ማስመለስ እያስከተለ እናቲቱን ውሃ ያሟጥጣታል። ጤና አዳምን ጨምቆ መጠጣት ማህፀንን በኃይል ሊያኮማትርና ሊመርዝ ይችላል። ተልባ ድርቀትን ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ምጥ እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ሆድን በኃይል ማሸት እንግዴ ልጁን ሊያላቅቅ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ምጥ የሚያፋጥን መርፌ ወይም ክኒን ቤት ውስጥ መውሰድ ነው። መጠኑ ካልተመጠነና ክትትል ከሌለ ማህፀን ሊቀደድ፣ ሕፃኑም ሊታፈን ይችላል።

መቼ መጠበቅ ይበቃል?

41 ሳምንት ከሞላ በቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። እንግዴ ልጁ እየደከመ ስለሚሄድ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ጊዜ ምጡ በጤና ተቋም እንዲጀመር ይመክራል። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳምንቱ ስንትም ይሁን፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መሄድ ያስፈልጋል።

ባሎችም ድርሻ አላችሁ። ቀኑን አብራችሁ ቁጠሩ፤ መኪናውንና ገንዘቡን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከጤና ተቋም ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ በአቅራቢያችሁ የእናቶች ማቆያ እንዳለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ሰበቡን ማድረስ ተወኩልን አያጎድልም፤ ዱዓውም ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አላህ እህቶቻችንን በሰላም ያገላግላቸው፤ ልጆቻቸውንም ሷሊህ ያድርግላቸው። አሚን።