ቅባት ያላዳነው የእግር ቁስል ለምን በካልሲ ይድናል?

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ለወራት አልድን ያላት ቁስል ያለባት እናት ወይም አክስት አለች? ቅባቱ ተቀብቷል፣ አንቲባዮቲኩ ተውጧል፣ የባህል መድኃኒቱም ተሞክሯል። ጠገገ ሲባል ተመልሶ ያመረቅዛል። እንዲህ ያለው ቁስል ብዙ ጊዜ ከላይ ይታይ እንጂ በሽታው ያለው ደም ስሩ ውስጥ ነው።

ባዮሎጂ ክፍል የተማርነውን «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ታስታውሳላችሁ? ደም ቅዳ ከልብ ይዞ ይወጣል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ከእግር ወደ ልብ ያለው መንገድ ግን ዳገት ነው። በተራመድን ቁጥር የባታችን ጡንቻ ደም መልሱን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ቫልቮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ዝም ብለን ስንቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል (የክንድ ደም ግፊት የሚለካበት ያው መለኪያ ነው)። ጤነኛ እግር ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። ቫልቮቹ ከላሉ ግን እየተራመዱም እንኳ በደንብ አይወርድም።

ከዚያ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። እግር ማታ ማታ ያብጣል፣ ቆዳው ያሳክካል፣ ይጠቁራል፣ ይደነድናል። እንዲህ የሆነ ቆዳ በትንሽ ጭረት ይቆስላል፤ ግፊቱ እስካልቀነሰ ድረስም መዳን ይከብደዋል። ቅባት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ገባችሁ አይደል?

እግርን በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ጥንትም የነበረ ነው። ዛሬ የምናየውን ዓይነት ካልሲ በማምጣት የሚታወቀው ሰው ግን ሐኪም ሳይሆን መሐንዲስ ነበር። ኮንራድ ጆብስት ይባላል፤ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ከተማ ይኖር ነበር። ራሱም የዚህ ቁስል ታማሚ ነው። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቆም እግሩ ቀለል እንደሚለው አስተዋለ። ውሃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ወደ 88 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ማለትም በቆመ ሰው ደም መልስ ውስጥ ያለውን ያህል ውሃው ከውጭ ይገፋል! ጆብስት ከዚህ ተነስቶ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ የሚይዝ፣ ወደ ላይ ግን እየላላ የሚሄድ ካልሲ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማም በስሙ ኩባንያ አቋቋመ።

ልብ በሉ፣ ተራ ካልሲ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ላስቲኩ ያለው ላይኛው ጫፍ ላይ ነውና እዚያው ያንቃል።

ቁስል ለማዳን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ይህን የሚሰጥ ባለ 4 ድርብ ፋሻ አለ፣ ግን በደንብ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። በእንግሊዝ ከ450 በላይ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ፋሻ ከሁለት ድርብ ካልሲ ጋር አወዳደረ። ግማሾቹ ታማሚዎች ለመዳን የፈጀባቸው ጊዜ በፋሻ 98 ቀን፣ በካልሲ 99 ቀን ነበር። እኩል በሉት። ካልሲውን ግን መልመድ አቅቷቸው ሕክምና የቀየሩት ይበዛሉ።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ኦንላይን አይታችሁ ለእናታችሁ ጠባብ ካልሲ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ደም ቅዳዋ ጤነኛ ነው ወይ? በተለይ ስኳር ያለባቸውና ሲጋራ ያጨሱ ሰዎች ወደ እግር የሚወርደው ደም አስቀድሞ ሊቀንስባቸው ይችላል። በዚያ ላይ ካልሲ ሲጨመር እግርን እስከማሳጣት ይደርሳል። ምርመራው ቀላል ነው፤ የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንዱ ይካፈላል። ከ0.8 በታች ከሆነ ሐኪም ሳይወስን ጠንካራ ካልሲ አይደረግም፣ ከ0.5 በታች ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ሊያሳስት ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ተደርጎም እያለ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ወዲያው አውልቁት።

ካልሲ የላላውን ቫልቭ አይጠግንም። ስለዚህ የተበላሸውን ደም መልስ በሙቀት ወይም በመድኃኒት መዝጋትም አለ፤ በ2018 የወጣ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ካልሲ ወይም ፋሻ እየተደረገ ቶሎ የተዘጋላቸው በ56 ቀን፣ የዘገየባቸው ደግሞ በ82 ቀን እንደዳኑ አሳይቷል። ይህ ሕክምና ባይገኝም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ካልሲውን መተው የለም፤ ብዙዎች ላይ የሚመለሰው ያኔ ነው። የሚደረገው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ ነው። በእጅ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል። ላስቲኩ እየደከመ ስለሚሄድም በ6 ወር ገደማ ይቀየራል።