የቢየላ እድሳት፦ ጥራትና ወጪ

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ገላባትን አልፎ እስከ ገዳሪፍ የሚዘረጋው ሜዳ ጥቁር የመረሬ አፈር ነው። በዚህ ሜዳ ማሽላ በትራክተር መታረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ዓላማውም በምሥራቅ አፍሪቃ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ቀለብ ለማቅረብ ነበር። የመዝሪያው ጊዜ አጭር ነው፤ መረሬው ዝናብ ከጠገበ በኋላ ትራክተሩን ጭቃ ይይዘዋል። ስለሆነም በሰኔ ወይም በሐምሌ ሞተሩ የቆመበት አራሽ የዓመት እህሉን ሊያጣ ይችላል።

ሞተርን ከሚያቆሙት ብልሽቶች አንዱ የቢየላ ብልሽት ነው። ቢየላ ፒስተንን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞር፣ ቢየላው ከፒስተኑ ጋር 4000 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ከረጅም አገልግሎት በኋላ ዘንጉን የሚያቅፈው ትልቁ ዓይኑ ክብነቱን ያጣል።

ጠንቃቃ ባለሙያ የዓይኑን ክዳን በሚሊሜትር መቶኛዎች እየለካ በመሣሪያ ይሞርዳል፤ በአዲስ ብሎን አጥብቆም ዓይኑን በቀድሞው ልክ ይቦረቡረዋል። መጣመምና መሰንጠቅ መኖሩንም ይመረምራል። በርካሽ የሚያድሰው ግን ክዳኑን በእጁ ሞርዶ በአሮጌው ብሎን መልሶ ያስረዋል። እርግጥ ነው፣ ሁልጊዜ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ዝግ ብሎ ለሚሠራ የእርሻ ሞተር በሚገባ የታደሰ ቢየላ ምንጩ ካልታወቀ አዲስ ቢየላ ይሻላል። በብሎን ላይ መቆጠብ ግን ከንቱ ነው። ብሎኑ ሲበጠስ ቢየላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል፤ የጥቂት ብሎኖች ዋጋ የቆጠበው አራሽም ሞተሩን በሙሉ ለመለወጥ ይገደዳል፤ ያውም ዝናቡ እየጣለ።